የስምንት ወር ባዶ ቅጂ

ሆስፒታሉ ውስጥ «ሽቦ» ሲባል ሁሉም የሚያውቃትን ሴት፣ ቁጭ ብላ ምሳዋን ስትጨርስ ያየ ሰው የለም። ሁለቴ ጎርሳ ብድግ ትላለች፤ ኮሪደሩን ዞር ዞር ብላ ትመለሳለች፤ ስልኳ ድምፅ ሳያሰማ «ጮኸ እንዴ?» ብላ ታነሣዋለች። ቅጽል ስሙን ያወጣላት አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው። አንዳንዱ ከቅጥነቷ የመጣ ይመስለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከጋውኗ ኪስ የኔትወርክ ኬብል ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው ይላል። ባሏ ግን «ሁለቱም አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ስላለባት ነው» ባይ ነው። እሱ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውል፣ ሲናገርም የማይቸኩል። እንዴት ተገናኛችሁ ሲባል «እሷ ስትሮጥ እኔ ፌርማታ ላይ ቆሜ ነበር፤ ጫንኳት» ይላል።

የሰርቨር ሰው ልሁን ብላ አልተነሣችም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። ሆስፒታሉ ያኔ ከአንድ ድርጅት ያገኘው የካርድ ፕሮግራም ነበረው። አንድ ሰኞ ጠዋት ፕሮግራሙ «የአገልግሎት ዘመኔ አልቋል» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ደቀነና አልከፍትም አለ። ድርጅቱ ቢደወልለት አይነሣ፣ ቢጻፍለት አይመልስ፤ ለካ ፈርሷል። ውስጡን ከፍተን እንየው ቢባል ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከድርጅቱ ጋር አብሮ ጠፍቷል። በሽተኛው አራት ቀን በሰልፍ ተንገላታ። በአራተኛው ቀን አንዲት የስኳር ታማሚ ሰልፉ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ያነሣቻት ሽቦ ነበረች።

ሴትዮዋ ድናለች። ሽቦን ግን ነገሩ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ ነሣት። «የራሳችንን በሽተኛ ስም ለማየት የሰው ፈቃድ እንጠይቅ?» እያለች ባሏን ስትነዘንዘው ከረመች። አንድ ቀን የተጻፉበት ኮድ ለማንም ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች እንዳሉ አነበበች፤ የፈለገ ወስዶ የሚጭነው፣ ያወቀ የሚያርመው፣ ማንም መጥቶ የማይቆልፈው። ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አንድ የተጣለ ኮምፒውተር ለምና ወሰደች። ለሰባት ወር ከሥራ መልስ ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ስትጭን፣ ስታበላሽ፣ እንደገና ስትጭን ቆየች። የሚያስተምራት ሰው አልነበረም። መመሪያ ታነባለች፤ ሲጨንቃት የነፃ ፕሮግራም ሰዎች በሚሰባሰቡበት የውይይት ገጽ ላይ ትጠይቃለች፤ በዓይኗ አይታቸው የማታውቅ ሰዎች ይመልሱላታል። በስምንተኛው ወር ኮምፒውተሩን ታቅፋ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባችና «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ የሆነ ካርድ ቁጥር ይጥሩልኝ» አለቻቸው። ጠሩላት። ከዓይን ጥቅሻ ቀድሞ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ድሮ የአንሶላ ማስቀመጫ የነበረች አንዲት መስኮት ያላት ክፍል ተሰጠቻት። እዚያ ሦስት ሰርቨሮች ተከለች፤ ስማቸውን በዘመድ አወጣችላቸው። ኢሜይሉን የምታመላልሰው ወሬ ማድረስ ስለምትወድ «አክስቴ» ተባለች። ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ አስቁሞ የሚጠይቀው ጠርጣራው «አጎቴ» ነው። የበሽተኞቹን ታሪክና የላብራቶሪ ውጤት የያዘችው ደግሞ፣ የማትረሳው ነገር ስለሌለ፣ «አያቴ»። አዲስ ሠራተኛ የሽቦን የስልክ ወሬ ሲሰማ ይደነግጣል። «አክስቴ ከጠዋት ጀምራ አልተነሣችም፤ ነቅዬ መልሼ ልሰካት ነው» ስትል የሰማች አንዲት ተለማማጅ ሐኪም በሩጫ መጥታ ነበር።

እንዲህ ዓመታት አለፉ። ሥራው ሲሠራ የማይታይ ሥራ ነው፤ ሲበላሽ ብቻ ነው ስምሽ የሚጠራው። ሽቦ በበኩሏ ምንም ሳይበላሽም አታርፍም። የማቀዝቀዣው ድምፅ ከወትሮው ትንሽ ከወፈረ ትሰማዋለች። በዚህ ሁሉ ቁጭ ብድግ መሐል ልቧን የምታሳርፍበት አንድ ነገር ብቻ ነበራት፤ መጠባበቂያው። በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ የአያቴን መረጃ ሁሉ ገልብጣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የምታስቀምጥ አጭር ፕሮግራም ራሷ ጽፋለች። ፕሮግራሟ ስትጨርስ «ተሳክቷል» የምትል አንዲት ቃል በስልክ ትልክላታለች። ሽቦ ያቺን ቃል ሳታይ እግሯን ከአልጋ አታወርድም።

ጉዱ የመጣው ማክሰኞ ጠዋት፣ ወደ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የላብራቶሪ ኃላፊዋ ደወሉ። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው ሴት ናቸው፤ ሆስፒታሉ በሙሉ «እትዬ» ይላቸዋል።

«ልጄ፣ እንደምን አደርሽ። እኛ ቤት ስህተት ተሠርቷል» አሉ። «አንዷ ሠራተኛዬ የአንዲት ሕፃን የኩላሊት ውጤት ሳታውቀው አጥፍታዋለች፤ ከሦስት ወር በፊት የተመረመረችውን። እናትየዋ እዚህ ቁጭ ብላለች። ሐኪሙ የዛሬውን ከድሮው ጋር ሳላስተያይ መድኃኒት አልቀይርም ብሏል።»

«ይቺ ናት ያስጨነቀችዎት እትዬ? ከመጠባበቂያው አወጣዋለሁ። አምስት ደቂቃ ብቻ ይስጡኝ።»

የሦስት ወሩን ቅጂ ከፈተች። ባዶ ነው። የከፈትኩት ተሳስቼ ይሆናል ብላ የማግሥቱን ከፈተች። እሱም ባዶ። የባለፈውን ወር፣ የባለፈውን ሳምንት፣ የዛሬውን። ፋይሎቹ በቀናቸው ተደርድረዋል፤ ስማቸው ልክ ነው፤ ውስጣቸው ግን ከአርእስት በቀር አንድ መስመር እንኳ የለም። ወደ ኋላ እየቆጠረች ሄደች። አምስት ወር፣ ስድስት ወር፣ ሰባት ወር። ከስምንት ወር በፊት የነበረው ብቻ ሙሉ ነው።

ክው ብላ ቀረች።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም። ከስምንት ወር በፊት፣ ለጥንቃቄ ብላ፣ የአያቴን የይለፍ ቃል ቀይራለች። ለመጠባበቂያዋ ፕሮግራም ግን አዲሱን አልነገረቻትም። በየንጋቱ ፕሮግራሟ በር ታንኳኳለች፤ አያቴ «አላውቅሽም» ብላ ትመልሳታለች፤ ፕሮግራሟም ባዶ ወረቀት ይዛ ትመለስና «ተሳክቷል» ትላለች። ምን ታድርግ? ሽቦ ስትጽፋት «ስትጨርሺ ተሳክቷል በይ» አለቻት እንጂ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» ብላ የምትጠይቅበትን መስመር አልጻፈችም።

ይህ ብቻ ቢሆን እዳው ገብስ ነበር፤ ዛሬውኑ ገልብጦ መገላገል ነው። ነገር ግን አያቴ መረጃዋን የምትይዘው መንታ በሆኑ ሁለት ዲስኮች ላይ ነበር፤ አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲተካ። አንደኛው ከወር በፊት ሞቷል። ምትክ ይምጣልኝ ብላ የጻፈችው ደብዳቤ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው እየተንከባለለ ነው። የቀረው ዲስክ ደግሞ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደክሞኛል የሚል ማስጠንቀቂያ መስጠት ጀምሯል። «መጠባበቂያ አለኝ» ብላ ችላ ብላው ነበር። አሁን የስምንት ወር በሽተኛ ሁሉ ታሪኩ የተንጠለጠለው በዚያ በታመመ ዲስክ ላይ ነው።

ከክፍሏ ወጣች። ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወጥታ ወረደች፤ ለምን እንደምትወጣ ራሷም አታውቅም። በሁለተኛው ዙር አንድ ሐሳብ መጣላት። «ለጥገና ሲባል ሲስተሙ ለጥቂት ሰዓት ይቋረጣል» ብላ ማስታወቂያ ትለጥፋለች፤ ትገለብጣለች፤ ማን ያውቃል? ያቺን ክፍል ከእሷ ሌላ ከፍቶ የሚያይ የለም። በሦስተኛው ዙር ያ የፈረሰው ድርጅት ትዝ አላት። ቁልፉን ይዞ የጠፋው እሱ ብቻ ነው እንዴ? ኮዱ ለዓለም ክፍት ነው እያለች ስትፎክር፣ ሥራው ግን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቆልፎ ኖሯል።

ባሏ ጋ ደወለች። መናኸሪያ ደርሶ ተራ እየጠበቀ ነበር። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው።

«ቆይ፣ ቀስ በይ። ሰው ተጎድቷል?»

«ገና አልተጎዳም።»

«ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«የለም። ዝም ብል ምናልባት ላይታወቅ ይችላል።»

ከበስተጀርባው የአውቶቡስ በር ሲከፈት ይሰማል።

«እኔ የማውቀው መኪና ነው» አላት። «ፍሬኑ እንደማይዝ ያወቀ ሹፌር፣ ተሳፋሪውን ያወርዳል። ለምን እንዳወረደም ይናገራል። ይሰድቡሃል፤ ትሰደባለህ።»

ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባች። ወንበር ቢያሳዩዋትም አልተቀመጠችም። ውኃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከይለፍ ቃሉ ጀምራ ነገረቻቸው። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስምንት ወር ሙሉ ምን ስታደርጊ ነበር?»

«ተሳክቷል የሚል መልእክት ሳነብ ነበር፣ ዶክተር።»

ጮኹባት። ለረጅም ጊዜ ጮኹባት። እሷም አንገቷን ደፍታ ተቀበለች። ሲበርድላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በይ፣ ሲስተሙን አቁሚና ገልብጪ። ለክፍሎቹ ግን ጥገና ነው በያቸው። ሰው አታሸብሪ» አሏት።

ሽቦ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ተመለሰች።

«ዶክተር፣ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነበር። ግን ጥገና ካልናቸው ሲስተሙ እስኪመለስ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ እንጂ በወረቀት አይጽፉም። ዛሬ የሚሠሩትን እያንዳንዷን ነገር እንዲጽፉ ከተፈለገ እውነቱን ይወቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብለው ግድግዳው ላይ የለጠፉት እርስዎ ነዎት።»

ዶክተሩ ግድግዳውን አዩ፤ እሷን አዩ። «ሂጂና ንገሪያቸው እንግዲህ» አሉ።

አምስት ሰዓት ላይ ሆስፒታሉ ወደ ወረቀት ተመለሰ። ሽቦ በየክፍሉ እየዞረች በገዛ አፏ ተናገረች። አንዳንዱ አዘነላት፣ አንዳንዱ «ያ ሁሉ ጉራ ለዚህ ነው?» አላት። በመጨረሻ ላብራቶሪ ደረሰች።

«እትዬ፣ የሕፃኗን ውጤት…»

«እሱ አልቋል ልጄ» አሉ እትዬ፣ ብዕራቸውን ሳያስቀምጡ። ከፊታቸው ጠርዙ የተላጠ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቷል። «ከዚህ ላይ አግኝቼው ሐኪሙ ጋ ልኬዋለሁ።»

ሽቦ ፊቷ ቀላ። እትዬ ኮምፒውተር ከገባም በኋላ እያንዳንዱን ውጤት በእጃቸው መመዝገብ አልተዉም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እትዬ፣ ይሄን ደብተር ለሙዚየም እንስጠው?» ብላ ያሳቀችባቸው እሷ ነች።

መገልበጡ መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። ሽቦ ቁጥሩን ቆማ ታያለች፤ አሥር፣ ሃያ፣ አርባ ከመቶ። ስልሳ አንድ ላይ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማ። ቁጥሩ ቆመ። አያቴ ደርቃ ቀረች።

እዚያው ግድም የነበረ አንድ ነርስ ድምፁን ሰምቶ ብቅ አለ። ሃያ ዓመት በሽተኛ ሲያነሣ ሲያስቀምጥ የኖረ፣ ሁሌ ወገቡን ይዞ የሚያቃስት ሰው ስለሆነ «ወገቤ» ነው የሚሉት።

«ሞተች?» አለ።

«አላውቅም። አጥፍቼ ላስነሣት ነው።»

እጇ ወደ ማጥፊያው ሄዶ ነበር። ከዚያ ግን ራሷን ገታችና የውይይት ገጹ ላይ ጻፈች፤ ዲስኩ ምን እንደሚል፣ የት እንደቆመ፣ መጠባበቂያ እንደሌላት፣ ጥፋቱም የራሷ እንደሆነ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ በቅጽል ስሙ ብቻ የምታውቀው ሰው መለሰላት። ስድብ አልጨመረም፤ ምክር ብቻ። ደጋግመሽ አታጥፊ አታብሪ፤ ከእንግዲህ የሚነሣው ለተቆጠረ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። አንዴ ብቻ አጥፊና ከሌላ ዲስክ አስነሺ፤ የተጎዳውን ቦታ እየዘለለ መጀመሪያ ጤነኛውን የሚገለብጥ ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ይኸው። የዘለለውን በመጨረሻ ይመለስበታል። እና ዲስኩን አቀዝቅዢው።

እንደተባለችው አደረገች። ወገቤ ከዋርድ የጠረጴዛ ማራገቢያ አምጥቶ ዲስኩ ላይ አነጣጠረ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ተረኛ አልነበረም። ሽቦ ግን ከግድግዳ ግድግዳ ትመላለስ ጀመር። ክፍሏ ሰባት እርምጃ ነች። ሰባት ወዲያ፣ ሰባት ወዲህ።

«ምነው አንቺ ሴት፣ ራሴን አዞርሽው» አላት። «በሽተኛዋ ግሉኮስ ላይ ነች። አስታማሚ ሲንቆራጠጥ ጠብታው አይፈጥንም።»

«ብቀመጥ ይቆማል ብዬ ነው የምፈራው።»

«ብትቆሚም ቆሞ ነበር እኮ።»

ሳትወድ በግዷ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ እንባ ሆነ። ወገቤ ማራገቢያውን ማስተካከል የያዘ መስሎ ፊቱን አዞረ።

ስልሳ አንድ ታለፈ። ሰባ ላይ ዲስኩ እንደገና ቀጭ ቀጭ አለ፤ ፕሮግራሙ ዘለለው። ሰማንያ፣ ዘጠና። ቁጥሩ አንዳንዴ አንድ ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት ይቆማል፤ ያኔ ሽቦ ትንፋሿን ይዛ ስክሪኑን በጣቷ ጫፍ ትነካዋለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲል፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ዲስኩ ረጅም ፉጨት የመሰለ ድምፅ አውጥቶ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

የወጣውን ስትመረምረው ካርዶቹ በሙሉ አሉ፤ የሐኪሞቹ ማስታወሻ አለ። የጠፋው የሦስት ሳምንት የላብራቶሪ ውጤት ነው። ከሁለት ሺህ በላይ።

ረቡዕ ጠዋት፣ አያቴ በተገለበጠው ዲስክ ከተነሣች በኋላ፣ እትዬ ያን ጠርዙ የተላጠ መዝገብ ይዘው መጡ። ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ «እኔ ላንብብ፣ አንቺ ጻፊ» አሉ። ስድስት ቀን ፈጀ። እትዬ ያነባሉ፣ ሽቦ ትጽፋለች፤ ሲደክማቸው ወገቤ ያነባል። በሦስተኛው ቀን ላይ ሽቦ ድንገት እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንሥታ «እትዬ፣ ያኔ ስለ ሙዚየሙ የተናገርኩትን ይቅር ይበሉኝ» አለቻቸው።

«የትኛውን?» አሉ እትዬ። «አንቺ የማትናገሪው አለ እንዴ? ቀጥይ፣ ሄሞግሎቢን አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት።»

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ማኅደሯ ውስጥ ገባ። ሁለት አዳዲስ ዲስኮች ግን በዚያው ሳምንት መጡ፤ ደብዳቤው ድንገት መንገዱን አገኘ። ሽቦ ፕሮግራሟን እንደገና ጻፈቻት። አሁን ይዛ የመጣችውን ከፍታ ሳትቆጥር አፏን አትከፍትም። ያም አልበቃትም፤ በእባብ የተነደፈ በልጥ በረየ ነውና። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ እትዬ ይመጡና ከመጠባበቂያው አንድ ውጤት አውጪ ይሏታል፤ የትኛውን እንደሚጠሩ አስቀድመው አይነግሯትም። አንዳንዴ ሆን ብለው አስቸጋሪ ቀን ይመርጣሉ።

ሌላም ነገር አደረገች። ሥራውን ከጭንቅላቷ አውጥታ ወረቀት ላይ አሰፈረችው፤ የትኛው ሰርቨር ምን እንደሚሠራ፣ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ፣ የይለፍ ቃሉ በየትኛው የታሸገ ፖስታ እንዳለ። ወገቤ፣ ሐኪም ከባድ አታንሣ ብሎት ከዋርድ ሥራ ሲነሣ፣ «እኔን ለዚያች ክፍል ስጡኝ» ብሎ ራሱ ጠየቀ። በአርባ ስምንት ዓመቱ ተማሪ ሆነ። ሲማር ቀስ ይላል፤ ያወቃትን ግን አይረሳም። የሰርቨሮቹን ማስታወሻ እንደ በሽተኛ ቻርት በየሰዓቱ ይሞላዋል፦ «አጎቴ፣ ሙቀት ደህና፣ ቅሬታ የለም።»

በዓመቱ ሽቦ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓመት ዕረፍት ወጣች። አሥር ቀን። ከባሏ ጋር ታላቅ እህቷ ቤት ሄዱ፤ የስድስት ሰዓት መንገድ ነው። ባሏ ሌላ ሰው ሲነዳ እያየ «ማርሹን አዘገየው» እያለ ያጉረመርማል፤ እሷ ስልኳን ታወጣለች፣ ትከታለች። አንደኛውን ቀን ቻለች። ሁለተኛውንም ቻለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጓሮ ወጥታ ደወለች።

«ወገቤ፣ ምን አዲስ ነገር አለ?»

«ምንም።»

«አክስቴስ?»

«ወሬዋን እያደረሰች ነው። ሁሉም ደህና ነው። ዝጊ።»

«መጠባበቂያውን ከፍተህ…»

«ከፍቼ ቆጥሬያለሁ፤ እትዬም አይተውታል። ዝጊ አልኩሽ እኮ» አለና ራሱ ዘጋባት።

ስልኩን ኪሷ ከተተች። የሚደወልለት ሌላ ሰው አልነበረም። ቤት ውስጥ የእህቷና የባሏ ሳቅ ይሰማል። ወደ ወጥ ቤት ስትገባ ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እህት ዓለም፣ ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያንጠባጥበው?»

«ኧረ ተይው፣ ዓመቱ ነው። ነይ ቁጭ በይ» አለች እህቷ ከሳሎን።

ሽቦ ግን እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከመታጠቢያው ሥር ተንበርክካ፣ ዋናውን መዝጊያ በእጇ እየዳበሰች መፈለግ ጀምራ ነበር።